ጥቅልሉ ምን ያደርጋል?

ሀይሌ ጋርመንት ጠዋት ለወሬ አይመችም። በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከጃን ሜዳ ደግሞ ወደዚህ የተሻገረው የአትክልት ገበያ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ መንገዱን ይዘጋል፣ ተሸካሚው «ዞር በል!» ይላል፣ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ!» ይላል። ከሰዓት በኋላ ረገብ ሲል ነው ሰው ከሰው የሚደማመጠው። ይህ ምልልስም የዚያ ሰዓት ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ በተከለለ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ። የሠሪው እንጀራ አልጋና ቁም ሣጥን ነው። በገናና ክራር በትርፍ ሰዓታቸው ይሠራሉ፤ ማንዶሊን ሲጠግኑ ቆይተው በቅርቡ ደግሞ መሥራት ጀምረዋል። ተጫዋቿ በአንድ የባህል ምሽት ቤት ክራርና ማንዶሊን የምትጫወት ወጣት ናት፤ ከጓደኛዋ ጋር ነው የመጣችው። (ለቡ ላይ ሙዚቃ ሰፈር የሚባል ሰፈር እያለ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራው እዚህ ከሽንኩርቱ ጎን መሆኑን አንሥተው ስቀዋል፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።)

ተጫዋቿ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነቱን ነው የምፈልገው። ስልኬ ላይ ይዩት።

ሠሪው፦ መነጽሬን ላምጣ… እሺ። ሆዱም አንገቱም ገብቶኛል። ይህ ትከሻው ላይ የተጠቀለለው ምንድን ነው?

ተጫዋቿ፦ ጥቅልሉ ነዋ። ጊብሰን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሁለት ዓይነት ማንዶሊን ነው የሚታወቀው፤ ኤ እና ኤፍ ይሏቸዋል። ኤ ልሙጡ ነው፤ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ብሎ ያልቃል። ኤፍ ይኸኛው ነው። ጥቅልል አለው፣ ከጎኑ ሹል ሹል ጫፍ ያወጣል፣ ዳር ዳሩም በነጭ ጠርዝ ይከበባል።

ሠሪው፦ ጥቅልሉ ምን ያደርጋል?

ተጫዋቿ፦ ያምራል!

ሠሪው፦ ማማሩንማ አየሁት። ሲመታ ምን ያደርጋል ነው የምልሽ።

ተጫዋቿ፦ እውነቱን ልንገርዎ? ይህ ነው የሚባል ነገር አያደርግም። አንገቱን የሚይዘው ጉማጅ እንጨት እዚያ ድረስ ስለሚዘልቅ አብዛኛው ድፍን ነው፤ አይርገበገብም። የታወቀው ጥቅሙ ማንገቻ ማሰሪያ መሆኑ ነው።

ሠሪው፦ ለማንገቻ አንዲት ቡሎን ትበቃለች፣ ልጄ። ይህን መጠቅለል ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ድፍኑን እንጨት በመሮ መፈልፈል አለብሽ። ከዚያ ነጩን ጠርዝ እያሞቁ ማጠፍ አለ፤ በዚያች ጠባብ ዙሪያ ሳይሰበር ዞሮ እንዲገባ። መጋጠሚያው ትንሽ ከከፈተ ደግሞ እንደገና። እኔ ቁም ሣጥን ላይ ጌጥ ጠርቤ አውቃለሁ፤ ጌጡ ከቁም ሣጥኑ የበለጠ ቀን ይበላል።

ተጫዋቿ፦ ለዚህ ነዋ ዋጋው የሚሰቀለው። ውጭ አገር ከአንድ ሠሪ እጅ ሁለቱን ቢጠይቁ ኤፉ ብዙ ጊዜ የኤውን እጥፍ ገደማ ያስከፍላል።

ሠሪው፦ በእንጨቱ ይለያያሉ?

ተጫዋቿ፦ እንጨቱም ቀዳዳውም የውስጥ ደጋፊውም አንድ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዐይኑን ጨፍኖ ሁለቱን የሚለይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ሠሪው፦ እና ምን ቸግሮሽ ነው እጥፍ የምትከፍዪው?

ተጫዋቿ፦ ማንዶሊን ሲባል ዓለም የሚያውቀው ሥዕል ይኼ ስለሆነ ነው። ቢል ሞንሮ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ብሉግራስ የሚሉትን ሙዚቃ የመሠረተው እሱ ነው። ማንዶሊኑ ኤፍ ነበር፤ ሎይድ ሎር የሚባለው የጊብሰን ባለሙያ በፈረንጆቹ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ፈርሞበታል። ሞንሮ ከአንድ ፀጉር ቤት መስኮት ላይ አይቶ ገዛው ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጣው የብሉግራስ ማንዶሊን ተጫዋች ሁሉ ማለት ይቻላል ያንን ቅርጽ ተመኘ። የሚመኙት ድምፁን ነው? ሞንሮን ነው? እኔ እንጃ፣ ሁለቱም ተደባልቀዋል።

ሠሪው፦ ሞንሮ ልሙጡን ገዝቶ ቢሆን ኖሮስ?

ተጫዋቿ፦ እሱን ብዙ አስቤዋለሁ። ያ ሎር በኤፍ ፊደል ቅርጽ ቀዳዳ የሠራውና የፈረመበት ኤ ማንዶሊን እስከ ዛሬ የታወቀው 1 ብቻ ነው፤ እሱም በ1923 የተሠራ። አሁን የሚሠሩት ልሙጥ ማንዶሊኖች ግማሹ የዚያ የአንዱ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ የነበረው እሱ ቢሆን ዛሬ ጥቅልል የሚጠይቅዎ ሰው ላይኖር ይችል ነበር። ስለ ሞንሮ ማንዶሊን ሌላም ነገር አለ። ሲበላሽ ለጥገና ለኩባንያው ላከው፤ ተጠግኖ የመጣው አላረካውም፤ ተናደደና አናቱ ላይ በአንጸባራቂ ዛጎል የተጻፈውን የኩባንያውን ስም በቢላ ፋቀው። ለዓመታት እንደ ተፋቀ ተጫወተበት።

ሠሪው፦ (ሳቁ) ይኼ ሰው ገብቶታል። ድምፁ ቀነሰ?

ተጫዋቿ፦ ምን ይቀንሳል።

ሠሪው፦ እንግዲያው ጌጡ የት ቦታ እንደ ነበረ ተመልከቺ። አናቱ ላይ ነው፤ አይርገበገብም፣ ተፋቀም አልተፋቀም ያው ነው። እኔ በጌጥ አልጣላም። የምጣላው ጌጡ ያለ ቦታው ሲገባ ነው። ነይ እስቲ፣ ያቺን ክራር አቀብዪኝ። አይ፣ ቀለም የተቀባችውን።

ተጫዋቿ፦ ቆዳዋ ላይ ሥዕል አለ። ንግሥተ ሳባ ትመስለኛለች።

ሠሪው፦ ለስጦታ የተገዛች ናት። ባለቤቱ ውጭ አገር ለሚኖር ዘመዱ ሊልካት ነበር፤ ከዚያ «እስቲ እኔ ልማርባት» ብሎ ጀመረ፤ «ድምፅ የላትም» ብሎ አመጣልኝ። ቆዳውን በጣትሽ ምቺው።

ተጫዋቿ፦ ድም።

ሠሪው፦ አሁን ይቺን የኔዋን ምቺ።

ተጫዋቿ፦ ይቺ ትመልሳለች።

ሠሪው፦ አየሽ! የክራር አፍ ቆዳው ነው። ክሩ ብርኩማውን ይነቀንቃል፣ ብርኩማው ቆዳውን ይነቀንቃል፣ ድምፁ ከዚያ ይወጣል። ሠዓሊው በዘይት ቀለም ሦስት እጅ ቀብቶ አደረቀው። ቆዳው ከበደ፣ ደረቀ፣ ዝም አለ። ንግሥተ ሳባ አፏ ላይ ተቀምጣለች። ቀጥለሽ ከገበቴው ጎን ያለውን ቀይ ቀለም እይ፤ እዚህ ጋ ትንሽ በቢላ ፍቄዋለሁ። ምን ይታይሻል?

ተጫዋቿ፦ ነጭ ነገር። ስቱኮ ነው?

ሠሪው፦ ስቱኮ፣ ከሥሩም ኮላ በሰጋቱራ ተለውሶ። እንጨቱ ሳይደርቅ ስለ ተፈለፈለ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ተደፈነ፣ በላዩ ቀለም ሄደበት፣ በቀለሙ ላይ ዛጎል ተደረደረበት። ዛጎሉን ባይደረድር ኖሮ ስንጥቁን አንቺም ገዢውም ታዩት ነበር። ልሙጥ ዕቃ ለሠሪው ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መደበቂያ የለውም። ወጣት አናጺ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማሠራው ቀለም የማይቀባ ቀላል በርጩማ ነው። መጋጠሚያው ሲከፍት ወዲያው ይታያላ።

ተጫዋቿ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እርስዎስ? ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በገና የእርስዎ ሥራ አይደለም? ቀንበሩ ላይ መስቀል ፈልፍለውበታል፣ ምሰሶዎቹም ላይ ሐረግ ወጥቶባቸዋል።

ሠሪው፦ እሱ ሌላ ነው።

ተጫዋቿ፦ እንዴት ሌላ ይሆናል?

ሠሪው፦ አንደኛ፣ መስቀሉ ያለው ቀንበሩ ላይ ነው። ቀንበር ክር ይሸከማል እንጂ አይዘምርም። ቆዳው ላይ ምንም አላደረግሁም። ሁለተኛ፣ በገና ሲተረጎም ሰምተሻል? ገበቴው የእመቤታችን፣ ሁለቱ ምሰሶዎች የሚካኤልና የገብርኤል፣ 10ሩ አውታር የ10ሩ ትእዛዛት ምሳሌ ነው፤ ቀንበሩም ከላይ ያለውን ያመለክታል። ደርዳሪው በጾም ሰዓት ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲደረድር ዐይኑ የሚያርፈው መስቀሉ ላይ ነው። ለተመልካች የተሰቀለ ጌጥ አይደለም፤ ለደርዳሪው ነው።

ተጫዋቿ፦ እሺ። 10ሩን አውታር ያነሡልኝ ደስ ይለኛል። ከ10ሩ የሚመቱት ስንቱ ናቸው?

ሠሪው፦ እንደ ደርዳሪው ነው…

ተጫዋቿ፦ በጣት የሚደረድሩት አብዛኞቹ የሚመቱት 6ቱን ነው፤ ሌሎቹ 4ቱ ጣት ተመልሶ የሚያርፍባቸው ናቸው። ታዲያ እነዚያ 4ቱ ምንድን ናቸው? ለማረፊያማ ቁራጭ ገመድም ይበቃ ነበር፤ ልክ ለማንገቻ አንዲት ቡሎን ትበቃለች እንዳሉት። ከበግ አንጀት ተገምደው እዚያ የቆሙት ቁጥሩ 10 እንዲሆን ነው። ይህ ጥቅልል አይደለም?

ሠሪው፦ አንቺ ልጅ ጠበቃ ነው መሆን የነበረብሽ። 10ሩንም በመግረፊያ የሚመቱ አሉ፣ መጀመሪያ እሱን ልበል። ግን ነገርሽ ገብቶኛል፤ ሁሉም ክፍል ለድምፅ ብቻ አይደለም የምትዪው ልክ ነው። አሁን አየሽ የበገናን የሚነዝር ድምፅ? በክሩና በብርኩማው መካከል ትንንሽ ቆዳ እንከታለን፣ እንዝራ ይባላል። እሷን ብታወጪያት ድምፁ ጥርት ይላል፣ ግን በገና መሆኑ ይቀራል። ለሌላው መሣሪያ ጉድለት የሆነው ንዝረት ለበገና ድምፁ ነው። ስለዚህ ትርፍ የሚባለውን ለማወቅ መሣሪያው ምን ሊሠራ እንደ ተፈጠረ ነው የምጠይቀው። ማንዶሊንሽ ምን ሊሠራ ነው?

ተጫዋቿ፦ ትዝታ ሊጫወት። ከማሲንቆው ጋር ሊመላለስ። ማይክራፎን ሳይኖር እንኳ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ሊሰማ። እና ደግሞ፣ እውነቱን ንገሪኝ ካሉኝ፣ እንድታይበት ነው።

ሠሪው፦ እሱን ነው የጠበቅሁት።

ተጫዋቿ፦ ቀላል ነገር አይደለም እኮ ጋሼ። እርስዎ በሬዲዮ ዘመን ያደጉ ሰው ነዎት።

ሠሪው፦ ልክ ነሽ። እኛ ቤት ማንዶሊን ያወቅነው በአየለ ማሞ ነው። የክቡር ዘበኛው አየለ ማሞ! ያ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣው ድምፅ መጥቶ ቤቱን ሲሞላው ማንም «ማንዶሊኑ ምን ይመስላል?» ብሎ አልጠየቀም። ክራር ተጫዋቹን ካሳ ተሰማንም ያወቅነው በጆሮ ነው። ክራራቸው ባለ ዛጎል ይሁን ባለ ቆርቆሮ ሬዲዮው አልነገረንም።

ተጫዋቿ፦ ለእኔ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶው ነው። ዩቲዩብ ላይ ሰው የሚጫነው ያቺን ትንሽ ሥዕል አይቶ ነው፤ ድምፁ ከዚያ በኋላ ነው። ምሽት ቤትም ስልኩን አንሥቶ የሚቀርጸኝ ሰው የሚፈልገው የሚያበራ ነገር ነው። ጌጥ ለከንቱ አይደለም የሚገዛው፤ ለዳቦም ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ አይቆጡኝ። ልሙጥ መሣሪያ መያዝ ስም ላለው ሰው ይቀላል። ታዋቂው ሰው ልሙጥ ክራር ይዞ ሲወጣ «ጨዋ ነው፣ የጠራ ነው» ይባላል። እኔ ልሙጥ ይዤ ስወጣ «ርካሽ ገዝታ ነው» እባላለሁ። ብሎኛልም ሰው።

ሠሪው፦ ማን አለሽ?

ተጫዋቿ፦ ይቅር፣ ስሙ ምን ያደርጋል።

ሠሪው፦ … ይኼን አላሰብኩትም። እውነት አለው። ድሃ ቤት ያለ ልሙጥ ወንበር ድህነት ነው፣ ሀብታም ቤት ያለ ልሙጥ ወንበር ምርጫ ነው። እኔም ራሴ ደንበኛው የሚከፍለውን አይቼ ነው የምጠርበው። ግን ስንት እንደ ተከፈለ ሁልጊዜ በጌጥ አይነገርም። ቫዮሊን የሚሠራው ጣሊያናዊ፣ ስሙ ምን ነበር… ስትራዲቫሪ።

ተጫዋቿ፦ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ። ከሥራዎቹ 650 ያህሉ እስከ ዛሬ አሉ ይባላል። ያጌጡት፣ ማለትም ጎናቸው ላይ ሐረግ የተሣለባቸውና ጠርዛቸው በጥቁርና በነጭ የተሞላው ከደርዘን ብዙም አይበልጡም። ሌላው ሁሉ ልሙጥ ነው፤ እንጨቱና ቨርኒሹ ብቻ። ማንዶሊንም ሠርቶ ነበር፤ የቀሩት 2 ናቸው፤ አንደኛው አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ሠሪው፦ እና በልሙጡ ላይ «ርካሽ ነው» የሚል አለ?

ተጫዋቿ፦ (ሳቋ) ከደፈረ ይበል።

ሠሪው፦ ግን ይህን ብነግርሽም ነገ ምሽት ቤት ያለው ሰው ስትራዲቫሪን አያውቅም፤ ያልሽው ጥያቄ አልተመለሰልሽም። ስለዚህ ወደ ብሩ እንምጣ። ስንት አለሽ?

ተጫዋቿ፦ የነገርኩዎት ነው። ከዚያ አይዘልም።

ሠሪው፦ ጥሩ። ያ ብር ጥቅልል ይሠራል፣ ግን ከጥቅልሉ በኋላ የቀረው ለፊቱ አይበቃም። ለፊቱ የሚሆን ጥድ አለኝ፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ሳንቃ ነው፤ ስንት ዘመን ደርቋል። ጥድ የሚያሳስበኝ ቋጠሮው ነው፤ ቋጠሮ የሌለበት ቦታ ለመፈለግ ሳንቃውን ሁሉ ማገላበጥ አለብኝ። ለጀርባና ለጎን ዋንዛ። ለአንገቱ ጠንካራ እንጨት እፈልጋለሁ። 8ቱ ክር ሲሳብ ስንት ኪሎ ይይዛል?

ተጫዋቿ፦ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ ይላሉ፣ አንድ ላይ።

ሠሪው፦ አየሽ! አንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ፊቱ ደግሞ ስስ ነው፤ ብርኩማው ጋ 4 ሚሊ ገደማ፣ ወደ ዳር 3 ያህል። ወፍራም ሆኖ ቢቀር አይዘምርም፤ አብዝቼ ከፋቅሁት ያ 70 ኪሎ ይጫነዋል። እዚያ መሐል ያለችውን ነገር ለማግኘት ትንሽ ትፍቂያለሽ፣ ታንኳኪያለሽ፣ ትሰሚያለሽ፣ ደግሞ ትፍቂያለሽ። ለዚያ ጊዜ ያስፈልገኛል። ያለሽ ብር ወይ ጥቅልሉን ይከፍላል፣ ወይ ይህን ጊዜ። ሁለቱን አይከፍልም።

ተጫዋቿ፦ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ…

ሠሪው፦ መጀመሪያ ፎቶ ነው ያሳየሽኝ። አሁን ይቺን እያት፤ ካለፈው ወር ጀምሮ የምሠራት ናት። ፊቱን እይ።

ተጫዋቿ፦ ልሙጥ ነው። እ… ሁለት ሳንቃ ነው? መሐሉ ላይ መጋጠሚያ ያለው ይመስለኛል።

ሠሪው፦ አንድ ሳንቃ ነው፣ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ የተጋጠመ። ለዚህ ነው የእንጨቱ መስመር ከግራም ከቀኝም የሚመሳሰለው። አውራ ጣትሽን አርጥቢና መሐሉን አሽዪው።

ተጫዋቿ፦ ሲረጥብ ይታያል። ሲደርቅ ይጠፋል።

ሠሪው፦ መላጊያው ስለት ካልነበረው አይጠፋም። ሁለቱን ጠርዝ ፊት ለፊት አቁሜ ወደ መስኮቱ ይዤ፣ ብርሃን በመሐላቸው እስካያልፍ ድረስ ነው የምላገው። በልሙጥ ማንዶሊን ላይ ሰው የሚያየው ይህን ነው፣ ካልሆነ ምንም አያይም። ቀለም ብቀባው ይህን ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ሠራተኛዬም አይማረውም ነበር።

ተጫዋቿ፦ ቨርኒሹስ?

ሠሪው፦ ስስ። በጨርቅ እየነካሁ አሸዋለሁ፣ በደረቀው ላይ ደግሞ። ብዙ ከቀባሁት ከክራሯ ቆዳ ምን ለየው? ከዚያ አንቺ ትጨርሺዋለሽ፤ ክንድሽ የሚያርፍበት ቦታ ይፈዛል፣ ፒክሽ የሚያልፍበት ይፋቃል። ስንት ዓመት ሲሆነው ያን ጊዜ ያላዘዝሽው ጌጥ ይወጣበታል። ባለ ዛጎሉ ሲያረጅ ግን ዛጎሉ ይወድቅበታል፣ ጉድጓዱ ይቀራል።

ተጫዋቿ፦ ልሙጥ ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። አሜሪካኖቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ ለወታደሮች የሠሩት ማንዶሊን ነበር። ፊቱም ጀርባውም ዝርግ፣ ቀዳዳው ክብ፣ ጌጥ የሌለው፤ በቀላሉ የሚሠራና የሚሸከሙት። የጊብሰን ነው እሱም። ያኔ ርካሹ ነበር። ዛሬ የሚፈልጉት ሰብሳቢዎች አሉ።

ሠሪው፦ ወታደር ብትዪኝ ደግሞ እኛም አገር ያው ነው። ያ ሁሉ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ደመወዙ የወታደር ነው፤ የሚመታው መሣሪያ መንግሥት ያደለው ነው። ጌጥ ማን ይጠይቃል? ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ቤታችን ነው።

ተጫዋቿ፦ እሱማ። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ባለቤቱ ነው፣ የምሽት ቤቱ። «መድረኩ ላይ ጨለመብኝ» ካለኝስ?

ሠሪው፦ ምን ለብሰሽ ነው የምትወጪው?

ተጫዋቿ፦ ሐበሻ ቀሚስ፤ ጥበቡ ሙሉ ደረቱን የያዘ። መቀነቱም እንደዚያው። ፀጉሬም ሹሩባ፣ ጆሮዬም ላይ ወርቅ ቅብ።

ሠሪው፦ ታዲያ በጥበቡ ላይ ጥቅልልና ነጭ ጠርዝ ቢደረብ ማን ያየዋል? ጥበቡ ይውጠዋል። ጠቆር ያለ ልሙጥ እንጨት በነጭ ቀሚስ ላይ ሲሆን ግን ከመጨረሻው ወንበር ይታያል። ካላመንሽኝ ይቺን ደረትሽ ላይ አድርጊና ጓደኛሽን በስልክ አንሺኝ በያት።

ተጫዋቿ፦ ቆይ… አንሺኝ እስቲ። ወደ በሩ ዞር ልበል። እስቲ አሳዪኝ። … ኧረ ጋሼ!

ሠሪው፦ ምን አልሽ?

ተጫዋቿ፦ ትታያለች። ጣቶቼም ይታያሉ። ስልኬ ላይ ባሳየሁዎት ማንዶሊን ዐይን መጀመሪያ የሚሄደው ጥቅልሉ ጋ ነበር።

ሠሪው፦ እንግዲህ አንቺ ነሽ የምትመርጪው። ጥቅልሉን ካልሽ እጠቀልልልሻለሁ፣ እጄ አይሰንፍም። ግን ብሩን ትጨምሪያለሽ።

ተጫዋቿ፦ ልሙጡ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ፤ አናቱ ላይ ትንሽ…

ሠሪው፦ አናቱ ላይ የፈለግሽውን። እዚያ ማንም አይዘምርም። መስቀል? አበባ?

ተጫዋቿ፦ እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ከቀሚሷ ላይ አንድ ጥለት አመጣልዎታለሁ፤ እሱን ትንሽ አድርገው ይፈልፍሉልኝ። በዛጎል ሳይሆን በዚያው እንጨት።

ሠሪው፦ በደስታ። ቀብዱ ግማሽ ነው። ክሩን ግን አንቺ ታመጪያለሽ፤ እኔ ጋ ያለው የጊታር ነው፣ የማንዶሊን ከሸጡልሽ ባለ ቀለበቱን ነው የምትገዢው፣ ባለ ኳሱን አይደለም። ከታች የማሠራው መያዣ ቀለበት ነው የሚይዘው።

ተጫዋቿ፦ ባለ ቀለበት። እሺ። መቼ ልምጣ?

ሠሪው፦ ከሰዓት በኋላ ነው እንጂ መቼም ይሁን። ጠዋትማ በአይሱዙው መሐል እኔም ራሴ አልገባም።